የጠዋቱ ጥሪ

ጡረተኛው ሾፌር የሞተው በደረቱ ተደፍቶ፣ የስልክ እጀታ እንደጨበጠ ነው። ከበሩ እስከ አልጋው ራስጌ ሦስት ሜትር የሚሆን የደም መስመር ወለሉ ላይ ደርቋል፤ ሰውየው በክርኑ እየተሳበ ያሰመረው ነው። ከግራ ጆሮው በላይ የራስ ቅሉ ገብቷል። የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች ተሰብረዋል፤ የመጀመሪያውን ምት ሊመክት እጁን አንስቶ ነበር ማለት ነው። ሐኪሙ አራት ምት ቆጠረ፣ አምስተኛውን ተጠራጠረ፣ ከዚያ ጓንቱን አወለቀ።

«ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ውስጥ ነው የተመታው» አለ። «ወዲያው ግን አልሞተም። አንድ ሰዓት ያህል፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ ነፍሱ ነበረች።»

«ቶሎ ቢደረስለትስ?»

«በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት? ይተርፍ ነበር ባይ ነኝ።»

የጠየቀችው መርማሪዋ ናት። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ቀኝ ጉልበቷ ደረጃ አይወድም፣ ባልደረቦቿ ከጀርባዋ «መርፌ» ይሏታል። ፊት ለፊቷ የሚላት ወንድ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ቤቱ ባለ ሦስት ፎቅ ነው። አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ለብቻቸው ለቀሩ አዛውንቶች ያቆመው። እያንዳንዱ የራሱ ክፍልና የራሱ ቁልፍ አለው፤ ምሳ ምድር ቤት በጋራ ይበላል፤ ነርሷና ወጌሻው ክፍል ድረስ ይመጣሉ፤ የተሰበረ ነገር ካለ ጠጋኙ ይጠግናል። ራሱን መቻል ያቃተው ሰው ደግሞ ምድር ቤት ወዳለው አዳራሽ ይወርዳል። እዚያ አልጋ ከአልጋ ተጠጋግቶ ነው የሚተኛው፣ ቁልፍ የሚባል ነገርም የለም። እነዚህ ሰዎች ሞትን ይፈራሉ፤ አዳራሹን ግን ይበልጥ ይፈራሉ። ይሄ መጃጃል የሚመስለው ሰው ሰባ ዓመት ሲሞላው ይጠየቅ።

ሃምሳ አለቃው ኮሪደሩ ላይ ጠበቃት። ደረቱን ነፍቷል።

«ኢንስፔክተር፣ ነገሩ አልቋል። ሰውየውን ይዘነዋል።»

የያዙት ጠጋኙን ነበር። እጁ በካቴና ታስሮ መሬት ላይ ተቀምጧል፣ ሸሚዙ ከደረቱ እስከ ወገቡ ደም ነው፣ የታች ከንፈሩ ተሰንጥቋል።

«ከንፈሩን ምን ነካው?»

«ሲያዝ ተፈራግጦ ነው።»

«እጁ ታስሮ ነው የተፈራገጠው?»

ሃምሳ አለቃው ጣራውን አየ። የመርማሪዋ ቆሽት አረረ፤ ቢሆንም ንዴቷን ዋጥ አድርጋ ጠጋኙ አጠገብ ቁጢጥ አለች። ሰውየው የሰው መንጋጋ ሰብሮ አራት ዓመት ታስሯል። ከእስር ሲወጣ ማንም በር ሲዘጋበት ሥራ የሰጠው ይህ ቤት ነው። አሁን ከተፈረደበት ዳግመኛ የቀን ብርሃን አያይም፤ ይህንን ራሱም ያውቀዋል፤ ከዓይኑ ይነበባል።

«ትናንት ሾፌሩን እገልሃለሁ ብለኸዋል?»

«ብዬዋለሁ። እሱም ብሎኛል። በየቀኑ ነው የምንባባለው። ከዚያ አብረን ሻይ እንጠጣለን።»

«የተመታበት ብረት ያንተ ነው?»

ብረቱ በሩ ሥር ተጥሎ ነው የተገኘው። አዛውንቶች መታጠቢያ ቤት ሲገቡ እንዳይወድቁ ግድግዳ ላይ የሚገጠም፣ ክንድ የሚያህል የመደገፊያ ብረት ነው።

«የኔ ነው። ግን የሾፌሩ ክፍል አልነበረም። ትናንት ከሰዓት ጎረቤቱ ፖስተኛው መታጠቢያ ቤት ነው የተውኩት፤ ዛሬ መጀመሪያ የሱን ልገጥም ነበር። ሁለት ሰዓት ተኩል ገባሁ፣ ታች ቧንቧ ስሠራ ቆየሁ፣ አራት ተኩል ላይ ወጣሁ። የሾፌሩ በር ገርበብ ብሏል። ገፋ ሳደርገው...» የሸሚዙን ደም አየ። «ያለ መስሎኝ አቅፌ አነሳሁት። ስለ ብረቱ ሦስቴ ተናገርኩ። መልሱ ጥፊ ነው።»

መርማሪዋ ሃምሳ አለቃውን ቀና ብላ አየችው። እሱም ጣራውን እንደገና ማየት ያዘ።

ሥራ አስኪያጇ ቢሮዋ ውስጥ ዓይኗ ቀልቶ ተቀምጣለች።

«ውሃ ቀጠነ ብሎ የሚጣላ ሰው ነበር» አለች። «ግን ማን ይጠላዋል? ሰው ደህና ነህ ወይ ሲለው ‹አለሁ፣ አልሞትኩም› ብሎ ነው የሚመልሰው። ቤቱን የሚያስቀው እሱ ነበር።»

«ሰሞኑን የተለየ ነገር ነግሮሻል?»

«ትናንት መጥቶ ‹ለብቻሽ የምነግርሽ አለኝ› አለኝ። በየሳምንቱ ስለ ሾርባው ይከሰኛል፤ ያው ሾርባው ነው ብዬ ለዛሬ ሦስት ሰዓት ቀጠርኩት። ምናለ ያኔውኑ ባዳምጠው?»

«እንዲያ ሲልሽ ሌላ ሰው ነበር?»

«ወጌሻው ብቻ። የሕክምና ወረቀት እያስፈረመኝ ነበር።»

መርማሪዋ ይህን ጻፈችና ስለ ሰዓቱ ጠየቀች። ሥራ አስኪያጇ አንድ መዝገብ አውጥታ ዘረጋችላት።

«‹ደህና አደሩ› የምንለው ነገር አለን። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እያንዳንዱ ሰው በውስጥ ስልክ ለቀጣዩ ጎረቤቱ ይደውላል። የተደወለለት ደግሞ ለሚቀጥለው። የመጨረሻው ለዘበኛው ‹ሁላችንም አለን› ይላል። አንዱ ካላነሳ ደዋዩ ወዲያው ለዘበኛው ይናገራል፣ ዘበኛው ቁልፍ ይዞ ይወጣል። በሦስት ዓመት አምስት ሰው አትርፈንበታል።»

«በዚህ ፎቅ ማን ለማን ነው የሚደውለው?»

«ሰባት ቁጥር ያለችው አዋላጇ ለሾፌሩ፣ ስምንት ቁጥር ለነበረው ማለት ነው። ሾፌሩ ለልብስ ሰፊው፣ አሥር ቁጥር። ዘጠኝ ቁጥር ፖስተኛው መናገር ስለማይችል አይቆጠርም፤ እሱን ጠዋት ወጌሻው ያየዋል። ልብስ ሰፊው ለዘበኛው። ይኸው፣ የዛሬው፤ ሁለት ሰዓት ከሰባት፣ ሁሉም ደህና።» ጣቷን መስመሩ ላይ አሳረፈች። «እስከዚያች ሰዓት ደህና ነበር ማለት ነው። ለወጌሻው ረፋዱን ወደሚሠራበት ወደ ሌላኛው የድርጅቱ ቤት ደውዬ ሳረዳውም ይህንኑ ነው ያልኩት። አለቀሰ።»

«ጥሪው ቢቋረጥስ? ሰው ቢረሳስ?»

«ሁለት ጊዜ ያቋረጠ ሰው ራሱን መቻል አቅቶታል እንላለን። ወደ አዳራሹ ይወርዳል።»

«እናንተ ደጋጎች ናችሁ» አለች መርማሪዋ መዝገቡን እየዘጋች። ሥራ አስኪያጇ ምስጋና ይሁን ስድብ አልገባትም።

ወጌሻው ወሬውን እንደሰማ ከዚያኛው ቤት ተመልሷል። አርባ ዓመት የሚሆነው መልከ መልካም ነው፣ መዳፉ ሰፋፊ፣ ምላሱ ማር። አሮጊቶቹ ሲያዩት ሻርፓቸውን ያስተካክላሉ ይባላል።

«ፖስተኛውን ከአንድ ሰዓት ተኩል ጀምሬ እጅ እግሩን ሳንቀሳቅስለት ነበር» አለ። «ልወጣ ስል የሾፌሩ ስልክ ጮኸ። በሩ አጠገብ ነበርኩ።»

«ስንት ጊዜ ጮኸ?»

«ሦስቴ። ከዚያ አነሳው። ‹አለሁ፣ አልሞትኩም› ሲል ሰማሁት። ሳቄ መጣ። እየሳቅኩ ወረድኩ፤ ዘበኛው መዝገቡን ሲጽፍ ደርሼ ተሰናበትኩት።»

ዘበኛውም አዎ ብሏል። መዝገቡን ጽፎ ቀና ሲል ወጌሻው ፈገግ ብሎ ወጥቷል።

«ጋዋንዎ የት አለ?»

«እ... እዚያኛው ቤት። ለልብስ አጣቢ ሰጠሁት። ምነው?»

«ምንም። የሥራ ልብስ ያምርብዎታል ብዬ ነው።»

ወደ ፖስተኛው ክፍል ገባች። አንጎሉ ውስጥ ደም ፈሶ ግራ ጎኑ ከነአንደበቱ ከከዳው ሁለት ዓመት የሆነው ሽማግሌ ነው። መጀመሪያ መታጠቢያ ቤቱን አየች። ከእጅ መታጠቢያው ሥር አራት ብሎን ያለባት ላስቲክና የመግጠሚያ መመሪያ ወረቀት ተቀምጠዋል፤ ብረቱ የለም። ወንበር ስባ አልጋው አጠገብ ተቀመጠች።

«አባባ፣ እጅጌዎን ልሰብስብ?»

ክንዱ ላይ የአውራ ጣት አሻራ የሚያህሉ ሰማያዊ ነጥቦች ተደርድረዋል፤ ከሥራቸው ቢጫ የሆኑ የቆዩ አሉ። ቡጢ የሚያህል ጥቁር ምልክት የጎን አጥንቱ ላይ አለ። በዚህ መሃል በሩ ተከፈተና ወጌሻው ብቅ አለ።

«ላግዝዎት?»

ሽማግሌው በደህና እጁ አንሶላውን ስቦ ፊቱን ሸፈነ። ክፍሉን የሽንት ሽታ ሞላው።

«ደክሟቸዋል። ይውጡልን» አለች መርማሪዋ። ድምፅዋ አልተለወጠም። በሩ ሲዘጋ የሽማግሌውን እጅ ያዘች። «አባባ፣ አዎ ከሆነ አንዴ ይጨብጡኝ፣ አይደለም ከሆነ ሁለቴ።» አምስት ነገር ጠየቀችው። እያንዳንዷ ጨበጣ ጣቶቿን አሳመማት።

ከዚያ ወደ ሟቹ ክፍል ተመለሰች። አስከሬኑ ተነስቷል፤ ስልኩ በደም እንደተለወሰ ወለሉ ላይ ነው። ገመዱን በዓይኗ ተከተለችው። ከአልጋው ጀርባ ይገባል። ጉልበቷን እየረገመች ተንበረከከችና ባትሪ አበራች። የገመዱ ጫፍ አልተሰካም። አቧራ ጠጥቶ መሬት ላይ ተኝቷል፤ ግድግዳው ላይ ያለው ቀዳዳ የሸረሪት ድር አድርቶበታል። ሰውየው ጭንቅላቱ ተፈልጦ፣ በክርኑ ተስቦ የደረሰው ከተነቀለ ብዙ ጊዜ የሆነው ስልክ ጋ ነው። መርማሪዋ እዚያው ወለሉ ላይ ጥቂት ቆየች። ሃያ ስድስት ዓመት ሬሳ አይታለች፤ እንዲህ ሆድ የሚያባባ አልገጠማትም።

ስትነሳ ሃምሳ አለቃውን ጠርታ በጆሮው ነገረችው፤ መኪና ይዞ ወደዚያኛው ቤት በረረ። እሷ ደግሞ ሰባት ቁጥርን አንኳኳች።

አዋላጇ ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፣ ቀጥ ብላ የምትቀመጥ ሴት።

«እማማ፣ ዛሬ ጠዋት ለሾፌሩ ደውለዋል?»

«መዝገቡ ላይ ተጽፏል።»

«መዝገቡን አይደለም የጠየቅኩት።»

አሮጊቷ መስኮቱን አየች። «ጠጋኙ ምን ሊሆን ነው?»

«ስምንት ሰዓት ላይ ሁላችሁንም ምግብ ቤት እሰበስባለሁ። ከዚያ በኋላ ወይ እሱ ወደ ጣቢያ ይሄዳል፣ ወይ ሌላ ሰው። አራት ዓመት የታሰረ ሰው በደም የተነከረ ሸሚዝ ይዞ ዳኛ ፊት ሲቆም ምን እንደሚፈረድበት ልንገርዎ?»

«እሱ ልጅ ማሞቂያዬን በእረፍት ቀኑ መጥቶ ነው የሠራልኝ» አለች አዋላጇ። ከዚያ ፊቷ ተዘጋ። «ውጪልኝ፣ ልጄ። ልረፍ።»

ስምንት ሰዓት ላይ ምግብ ቤቱ ውስጥ ከመርማሪዋ ሌላ ሰባት ሰው ነበር፤ ሥራ አስኪያጇ፣ ወጌሻው፣ አዋላጇ፣ ሰማንያ ዓመቱ ልብስ ሰፊ፣ ካቴና የታሰረው ጠጋኝ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የመጣው ፖስተኛ፣ በስተመጨረሻም አንድ ጥቁር ፌስታል ይዞ የገባው ሃምሳ አለቃ።

«ሰዓቱን እናስተካክል» አለች መርማሪዋ። «መዝገቡ እውነት ከተናገረ፣ ሾፌሩ ሁለት ሰዓት ከአምስት ገደማ ስልክ አንስቷል። ስለዚህ የተመታው ከዚያ በኋላ ነው። ወጌሻው ወዲያው ወጥተዋል፤ ጠጋኙ ሁለት ተኩል ላይ ገብቷል። ስለዚህ ገዳዩ ጠጋኙ ነው። ሃምሳ አለቃችን እዚህ ላይ ነው ደረቱን የነፋው።»

ሃምሳ አለቃው ፌስታሉን አየ።

«ነገር ግን የሾፌሩ ስልክ አልተሰካም። ዛሬ የተነቀለም አይደለም፤ ቀዳዳው ላይ ሸረሪት ቤት ሠርታለች። ያ ስልክ ዛሬ ጠዋት ሊጮህ አይችልም። ታዲያ ጥሪው እንዴት ሞላ?»

ልብስ ሰፊው አዋላጇን አየ። አዋላጇ መሬቱን አየች። መርማሪዋ ጠበቀች፤ መጠበቅ ታውቅበታለች። በመጨረሻ አሮጊቷ ጠረጴዛውን ተደግፋ ተነሳች።

«እኔ ነኝ» አለች። «ከሦስት ወር በፊት፣ እዚችው ጠረጴዛ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ‹ባልሽን በጭነት መኪናዬ ወደ ሌላዋ ቤቱ አመላልሰው ነበር› አለኝ። ባሌ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አልደወልኩለትም። ዘልዬው ለልብስ ሰፊው እደውላለሁ።»

«እኔም ተቀበልኩ» አለ ልብስ ሰፊው ቶሎ ብሎ። «ጥሪው ተቋረጠ ከተባለ አዳራሹ ነዋ። የሷም ቁልፍ፣ የሱም ቁልፍ ይወሰዳል። ሾፌሩንም ጠይቄው ነበር። ‹ካልደወላችሁልኝ ተገላገልኩ› ብሎ ገመዱን ነቀለው። ተኩራርቶ ነው እንጂ ከፍቶት ነበር። አውቃለሁ፣ ከፍቶት ነበር።»

ሥራ አስኪያጇ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ይህን የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ» አለች መርማሪዋ። «ሌላው ሁሉ መዝገቡን ያምናል። ወጌሻው፣ እርስዎም አመኑ። ሾፌሩን ሁለት ሰዓት ሳይሞላ መትተው ጥለውታል። ከዚያ ሥራ አስኪያጇ ደውላ እስከ ሁለት ሰዓት ከሰባት ደህና ነበር ስትልዎት፣ ወይ ተነስቶ ስልኩን አንስቷል፣ ወይ አንዱ ዋሽቷል ብለው አሰቡ። የትኛውም ቢሆን ከሰማይ የወረደ ሲሳይ ነው። አፍዎን ዘግተው ቢቀመጡ መዝገቡ ይከላከልልዎ ነበር። እርስዎ ግን ጨመሩበት። ሦስት ጊዜ ጮኸ አሉኝ። ‹አለሁ፣ አልሞትኩም› ሲል ሰማሁ አሉኝ። ሰውየው ያልተናገረውን፣ ባልተሰካ ስልክ ላይ። እንዲህ ያለ ስልክ የሚሰማው፣ ሟቹ ያን ሰዓት ገና ያልተመታ እንዲመስል የሚፈልግ ሰው ብቻ ነው።»

«ተሳስቼ ይሆናል» አለ ወጌሻው። ፈገግታው አልጠፋም። «የሌላ ክፍል ስልክ ይሆናል፤ ደንግጬ ነበር።»

«ያን ጊዜ ምን ያስደነግጥዎታል? ማንም ገና አልሞተም።»

ፈገግታው ጠፋ።

«ብረቱ የነበረው ፖስተኛው መታጠቢያ ቤት ነው፤ ብሎኖቹ ዛሬም እዚያው አሉ። ከአንድ ተኩል ጀምሮ እዚያ ክፍል የነበሩት እርስዎ ብቻ ነዎት። የእኚህን ሰው ክንድና ጎን አይቻለሁ። አንደበት የሌለው ሰው መምታት እንዴት ያለ ጀግንነት ነው? በአንድ ግድግዳ ብቻ የሚለየው ጎረቤታቸው ሾፌሩ ግን ሰማ። ለሥራ አስኪያጇ ሊናገር ቀጠሮ ሲይዝ እርስዎ አጠገቧ ነበሩ። ዛሬ ጠዋትም እንደገና ሰማ፤ መጥቶ በር ደበደበ፤ ‹ዛሬ እነግርብሃለሁ› አለ። ይህን የነገሩኝ አባባ ናቸው፤ በእጃቸው። ሾፌሩ ወደ ክፍሉ ሲመለስ ብረቱን ይዘው ተከተሉት።»

ፖስተኛው ደህና እጁን ከወንበሩ ላይ አነሳና ወጌሻው ላይ ጣቱን ቀሰረ። እጁን አላወረደም።

«ሃምሳ አለቃ፣ አውጣው።»

ሃምሳ አለቃው ፌስታሉን ከፈተ። ከዚያኛው ቤት የእጥበት ዘንቢል ታች፣ በአንሶላ ተጠቅልሎ የተገኘ ነጭ ጋዋን ነው። እጅጌው እስከ ክርኑ ደም ነው።

ወጌሻው ከተቀመጠበት ተፈናጥሮ የብረት ወንበር አነሳ። መርማሪዋን አልፈለገም፤ የፖስተኛውን ጭንቅላት ነው የፈለገው። «ሥጋ ነው፤ የሚሸና ሥጋ» አለ ጥርሱን ነክሶ፣ ወንበሩንም አወረደው። ጠጋኙ እንደታሰረ ራሱን መሃል ወረወረ። ወንበሩ ትከሻው ላይ አረፈ፣ አጥንት ሲሰበር ሁሉም ሰማ። እንዲያም ሆኖ ጠጋኙ አልወደቀም፤ በግንባሩ የወጌሻውን አፍንጫ ደቁሶት አብረው ወለሉ ላይ ተንከባለሉ። ሃምሳ አለቃው ጉልበቱን ወጌሻው አንገት ላይ ሲያሳርፍ ጥርስና ደም ከሳህን ስብርባሪ ጋር ተደባልቆ ነበር።

«ካቴናውን ከዚያኛው ፍታና ለዚህኛው እሰር» አለች መርማሪዋ። «ከዚያ ጠጋኙን ይቅርታ ጠይቅ። ጮክ ብለህ።»

ሃምሳ አለቃው ጮክ ብሎ ጠየቀ።

ሁሉም ሲወጣ አዋላጇ ጠረጴዛው ጋ እንደተቀመጠች ቀረች። ሥራ አስኪያጇ ስለ አዳራሹ ማንም እንደማያነሳባት በእንባ ነግራታለች፤ የሰማችም አልመሰለችም።

«ልጄ፣ ብደውልለት ኖሮ?»

መርማሪዋ ቦርሳዋን መዝጋት ጀመረች።

«አርባ ዓመት አዋልጃለሁ» አለች አሮጊቷ። «የሚፈስ ደም ለሰው ምን ያህል ጊዜ እንደሚሰጥ አውቃለሁ። እንዳትዋሺኝ።»

መርማሪዋ ቦርሳዋን ተወችና ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። «ስልኩ አይጮህም ነበር። እሱ አላነሳም ብለው ዘበኛውን ይጠሩ ነበር። ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ በሩ ይከፈት ነበር።»

«ይተርፍ ነበር።»

«ሐኪሙ እንደዚያ ይላል።»

አዋላጇ ራሷን ነቀነቀች። እንባዋ ሲወርድ አልጠረገችውም። «አስከሬኑን ማን ይወስደዋል?» አለች።

«ዘመድ የለውም። ድርጅቱ ያስቀብረዋል።»

«እኔ እወስደዋለሁ። አጥቤ፣ ገንዤ እቀብረዋለሁ። ወረቀቱን አምጪው።»

መርማሪዋ የአስከሬን መረከቢያውን ቅጽ አወጣች። ስሟንና ዕድሜዋን ሞላች። ዝምድና የሚለው ላይ ስትደርስ እስክሪብቶው ቆመ።

«ምኑ ነዎት ልበል፣ እማማ?»

«ጎረቤቱ» አለች አዋላጇ። «ደህና አደርክ ወይ ልትለው ተራዋ የነበረ ጎረቤቱ። እንደዚያው አድርገሽ ጻፊው።»

መርማሪዋ እንደዚያው ጻፈችው።